ሻይ የተደፋበት ሻሽ



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየቤታችን ብዙ ጭቅጭቅ ያስነሳ ጉዳይ ነው። በስስ ልብስ ላይ የተደፋ ሻይ፣ ቡና፣ ወተት ወይም ጭማቂ ልብሱን ሳይጎዳ በቤት ውስጥ እንዴት ይለቃል? ይህን ርዕስ የመረጥነው ከሌላው የተሻለ ዕውቀት ስላለን አይደለም። አንድ ውድ ልብስ በገዛ እጃችን አበላሽተን ስለተማርን ነው። ስለሆነም አስቀድመን የደረሰብንን እናውጋችሁ።

ዕለቱ ዒድ አል-ፈጥር ነበር። ቤታችን በእንግዳ ተሞልቷል። እናታችን ከሐጅ ሲመለሱ ይዘውት የመጡትን የሐር ሻሽ ለብሰዋል። ሻሹ መልኩ እንደ ወተት ነጣ ያለ ሲሆን ከዒድ እስከ ዒድ ካልሆነ በቀር ከሣጥን አይወጣም ነበር። የእህታችን ልጅ ያኔ 9 ዓመቷ ነው። «ዛሬ እንግዳ የማስተናግደው እኔ ነኝ» ብላ በወተት የተፈላ ሻይ በትሪ ይዛ መጣች። የምንጣፉ ጠርዝ አደናቀፋትና አንዱ ብርጭቆ ተገልብጦ ከእናታችን ትከሻ እስከ ደረታቸው ወረደ። ሻዩ በረድ ብሎ ስለነበር አልሐምዱ ሊላህ እሳቸውን አላቃጠላቸውም።

እኛ ምን አደረግን? በመጀመሪያ ጮኽን። «ዐይንሽ የት ነው ያለው!» ብለን በእንግዳ ፊት ተቆጣናት። ልጅቷ ትሪውን ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከዚያም ሻሹን ከእናታችን ላይ ተቀብለን በእርጥብ ጨርቅ አጥብቀን ፈተግነው። አልለቅ ሲል የፈላ ውኃ አመጣንና በልብስ ሳሙና አሸነው። ቡናማው እድፍ ይባስ ብሎ ተጣበቀ። በመጨረሻ «በረኪና የማያስለቅቀው ነገር የለም» የሚል ምክር መጣና ጥቂት በረኪና ጠብ አደረግንበት። እድፉ ቢጫ ሆነ። በማግስቱ ሻሹን ስናነሳው ክሩ በእጃችን ላይ እየተበጣጠሰ የጣት ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፈተ።

እናታችን ቀዳዳውን አይተው «ሻሽ ነው፣ ይተካል» አሉ። ቀጥለውም «ልጅቷስ የት ናት?» ብለው ጠየቁ። እኛ ስለ ሻሹ ስንጨነቅ ስለ እሷ ያሰበ አልነበረም። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ትሪ አላነሳችም። እንግዳ ሲመጣ ቀድማ ጓዳ ትገባ ነበር።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ ነገሩን ቆይተን ስናጣራው ያንን ቀዳዳ ያመጣው ሻዩ እንዳልሆነ ተረዳን። ያመጣነው እኛ ነን። ሻዩ በቀዝቃዛ ውኃና በትዕግሥት ሊለቅ የሚችል እድፍ ነበር። መፈተጋችን፣ የፈላ ውኃው፣ ሳሙናውና በረኪናው እያንዳንዳቸው ነገሩን አንድ እርምጃ አባባሱት። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ዝርዝር እኛ የደረሰብን እናንተን እንዳይደርስባችሁ በማሰብ የተዘጋጀ ነው።

ጨርቁን እንወቀው

ሐር ከትል፣ ሱፍ ከበግ የሚገኙ ናቸው። ሁለቱም እንደ ሰው ፀጉር ከፕሮቲን የተሠሩ ስለሆኑ ለፀጉራችን የማናደርገውን ለእነሱም ማድረግ የለብንም። ፀጉሩን በበረኪና የሚያጥብ ሰው የለም። በረኪና ውስጥ ያለው የክሎሪን ውሁድ የሐርንና የሱፍን ክር ቢጫ ያደርገዋል፣ ከዚያም ይበላዋል። በአንዳንድ የዱቄት ሳሙናዎች ውስጥ የሚጨመረው ኢንዛይም የተባለ ነገርም ፕሮቲን እንዲያሟሟ የተሠራ ነው። ለጥጥ ልብስ ጥሩ አገልግሎት ቢሰጥም የደምና የወተትን እድፍ ከሐሩ ክር አይለይምና ሐርና ሱፍ በእሱ መዘፍዘፍ የለባቸውም።

ጥጥ ግን ከተክል የሚገኝ ጠንካራ ክር ነው። እናቶቻችን በነጭ ጋቢ ላይ ሻይ ሲፈስ የፈላ ውኃ ከላይ ያንቆረቁሩበት የነበረው፣ ከዚያም በሳሙና አሽተው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ለዚህ ነው። ምክራቸው ለጋቢው ትክክል ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ለጋቢ የተሰጠውን ምክር ለሐር ሻሽ አደረግነው።

ዛሬ በገበያ «ሐር» ተብለው የሚሸጡ ብዙ ሻሾች፣ ሺፎኖችና ሳቲኖች ከፖሊስተር የተሠሩ ናቸው። ፖሊስተር ፈሳሽ ቶሎ ስለማይመጥ እድፉ ከሐር ይልቅ በቀላሉ ይለቃል። ሙቀት ግን አይወድም፤ በጋለ ካውያ ይቀልጣል። ሬዮን ወይም ቪስኮስ የሚባለው ጨርቅ ደግሞ በደረቁ ጠንካራ ቢመስልም ሲርስ ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ እርጥብ ሳለ መጠምዘዝና መጎተት አይገባም።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ለማወቅ በቅድሚያ ከውስጥ በኩል የተሰፋውን ምልክት እንመልከት። በውኃ የተሞላ ሳፋ ውስጥ እጅ ከታየ በእጅ ይታጠባል ማለት ነው። ሳፋው ላይ ኤክስ ምልክት ካለ ውኃ አይንካው ማለት ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ላይ ኤክስ ካለ ማንጫ አይደረግበት ማለት ነው። ክብ ቅርጽ በላውንደሪ በደረቅ እጥበት የሚጸዳ መሆኑን ይነግረናል።

ምልክቱ ተቆርጦ ከጠፋ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር መዝዘን፣ ከልጆችና ከመጋረጃ ርቀን፣ በመቆንጠጫ ይዘን በክብሪት እንፈትነው። እንደ ተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነካ ከደቀቀ ሐር ወይም ሱፍ ነው። እንደ ተቃጠለ ወረቀት ከሸተተ ጥጥ ወይም ሬዮን ነው። ቀልጦ እንደ ትንሽ ጠንካራ ዶቃ ከደደረ ፖሊስተር ወይም መሰል ሰው ሠራሽ ክር ነው።

የፈሰሰውንም እንወቀው

ወደ ማስለቀቁ ከመሄዳችን በፊት በልብሱ ላይ የፈሰሰው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የእድፎቹ ጠባይ ይለያያልና።

1ኛ/ ቡና፣ ሻይና የፍራፍሬ ጭማቂ። እነዚህ ታኒን የሚባል የተክል ማቅለሚያ አላቸው። ታኒን ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግል ነገር ነው፤ ክር ላይም አጥብቆ ይይዛል። በተለመደው የልብስ ሳሙና ሲታሽ ይበልጥ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ስለዚህ ሻይ ሲፈስ መጀመሪያ የምናነሳው ያ ደረቅ ሳሙና ለዚህ እድፍ አይሆንም። የሚሻለው ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ነው።

2ኛ/ ወተትና ወተት የገባበት ሁሉ። ወተት ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ደግሞ በሙቀት ይረጋል። እንቁላል በፈላ ውኃ ሲገባ ምን እንደሚሆን እናውቃለን፤ በክሩ መካከል የገባ ወተትም የፈላ ውኃ ሲያገኝ እንዲሁ በስሎ ይቀራል። በወተት የተፈላ ሻይ፣ ማኪያቶ፣ በሐረር በወተት የሚጠጣው ሆጃ ሁሉ ሁለቱን እድፎች አጣምረው የያዙ ናቸው። በእነዚህ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

3ኛ/ ስኳር የበዛባቸው ለስላሳዎች። ነጭ ለስላሳ ሲፈስ ቀለም ስለሌለው «ምንም አልሆነ» ብለን እንተወዋለን። ይሁንና ስኳሩ በጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ልብሱ ከሣጥን ውስጥ ሲቆይ ወይም ካውያ ሲያርፍበት ያ የማይታየው ቦታ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ወጥ ስንሠራ ስኳር ብረት ድስት ላይ ሲያር እንደምናየው ነው። ስለሆነም ቀለም የሌለው መጠጥ ቢሆንም የፈሰሰበት ቦታ መታጠብ አለበት።

4ኛ/ ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው። የረመዷን ማዕድ ላይ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ እህቶቻችን ቤት የማይጠፋው ቪምቶ ከዚህ ይመደባል። ቪምቶ በ1908 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ የተሠራ መጠጥ ሲሆን፣ የወይንና የሌሎች ፍሬዎች ጭማቂ አለበት። ከርከዴም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ፍሬዎችና አበቦች ተፈጥሯዊ ቀለም አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው። ኮምጣጣ ሲያገኘው ቀይ ይሆናል፤ ሳሙና ሲያገኘው ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ልብሱ ጠፋ!» ብሎ ይደነግጣል። አልጠፋም። ጥቂት ነጭ አቼቶ በውኃ ቀጥነን ስንነካው ይመለሳል፤ ከዚያ ማለቅለቅ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች

እድፍ እርጥብ ሳለ እንግዳ ነው፤ ሲደርቅ ግን ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ቢቀር እነዚህን አራት ነገሮች በቶሎ እንፈጽም።

ሀ) የፈሰሰው ትኩስ ከሆነ መጀመሪያ ሰውየውን እንመልከት። ተቃጥሎ ከሆነ ልብሱ ይቆይ፤ የተቃጠለው ቦታ በቀዝቃዛ የቧንቧ ውኃ ይቀዝቅዝ።

ለ) እንደ ማንጎና አቮካዶ ያለ ወፍራም ጭማቂ ከሆነ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለን ከጠርዝ ወደ መሐል እንግፈፈው።

ሐ) ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አምጥተን ጫን እያደረግን እናስመጥጠው። መፈተግ የለም። ጨርቁ ሲርስ ደረቁን ወገን እየገለበጥን እንቀጥል። ባለ ቀለም ፎጣ ወይም አበባ የታተመበት ሶፍት አንጠቀም፤ የራሱን ቀለም ሊያወርስ ይችላልና። መፈተግ የሐርን ክር ያሻክረዋል፤ እድፉ ቢለቅ እንኳ ቦታው ደብዝዞ ይቀራል። ጨው መነስነስም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን እህሉ ክሩን ስለሚፍቀው በስስ ጨርቅ ላይ አንመክርም።

መ) ልብሱ በውኃ የሚታጠብ ከሆነ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውኃ በቀስታ እናፍስስበት። ከፊት ስናፈስ እድፉን ወደ ውስጥ እንገፋዋለን፤ ከጀርባ ስናፈስ በመጣበት በር ይወጣል።

ማስለቀቂያውን ማዘጋጀት

ለዚህ የሚያስፈልገው ከየቤታችን የማይጠፋ ነገር ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀለም የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ አቼቶ በሳፋ እንቀላቅል። አቼቶው ነጭ መሆኑን አደራ። ቀይ ወይም ቡናማ አቼቶ በራሱ እድፍ ነው። ፈሳሽ ሳሙና ከሌለ ለስላሳ የፀጉር ሻምፑ ለሐርና ለሱፍ ይስማማል። ቀደም ብለን እንዳልነው ሁለቱም የፀጉር ዘመዶች ናቸውና።

ልብሱን ከመንካታችን በፊት ፍተሻ እናድርግ። ከውስጥ በማይታይ ስፌት ላይ ከውሁዱ ጠብ አድርገን ለ2 ደቂቃ እንጠብቅና በነጭ ጨርቅ ጫን እናድርግበት። ነጩ ጨርቅ የልብሱን ቀለም ከያዘ እዚያው ላይ እናቁም። ያ ልብስ ለባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ፍተሻውን ካለፈ በእድፉ ሥር የታጠፈ ነጭ ፎጣ እናንጥፍ። በውሁዱ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ ይዘን ከእድፉ ዳር ጀምረን ወደ መሐል ጫን ጫን እናድርግ። ከመሐል ወደ ዳር ከሄድን እድፉን እናሰፋዋለን። ከሥር ያለው ፎጣ ሲቆሽሽ ንጹሑን ወገን እናምጣ። 10 ደቂቃ ያህል እንዲህ ከሠራን በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ እናለቅልቀውና እንየው። ካልለቀቀ ደግመን እንሥራ። በአንድ ጊዜ በኃይል ከመሥራት ሦስት ጊዜ በለዘብታ መሥራት ይሻላል።

በወተት ለተፈላ ሻይ ቅደም ተከተሉ ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ብቻ ወተቱን እናስለቅቅ። አቼቶ ወተት ያረጋልና ገና አይግባ። ወተቱ ከወጣና ከተለቀለቀ በኋላ የሻዩ ቀለም ከቀረ አቼቶ ያለበትን ውሁድ እናስከትል። እኛ በዚያ ዒድ ቀን ይህን ብናውቅ ኖሮ!

ሐር በከፊል ሲርስ የራሰው ቦታ ሲደርቅ ዙሪያውን የቀለበት ምልክት ይተዋል። ይህን ለማስቀረት ሻሹ በውኃ የሚታጠብ ከሆነ በመጨረሻ መላውን ሻሽ በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ ጊዜ መንከር ነው።

እድፉ ደብዝዞ ጥላው ከቀረና ልብሱ ነጭ ከሆነ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገኘውን 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በጥጥ ጥቂት ጠብታ ነክተን፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን፣ በደንብ እናለቅልቅ። ይህ ከበረኪና የተለየ ነው፤ ሐርንና ሱፍን እንደ ክሎሪን አይበላም። ባለ ቀለም ልብስ ላይ ግን ቀለም ስለሚያለቅቅ አይነካም።

ማድረቅና መተኮስ

የተለቀለቀውን ልብስ አንጠምዝዝ። በደረቅ ፎጣ ላይ ዘርግተን፣ ከፎጣው ጋር ጠቅልለን፣ በእጃችን ጫን ጫን ስናደርገው ውኃውን ፎጣው ይጠጣዋል። ከዚያ በጥላ ይሰጣ። ፀሐይ ነጭ ሐርን ቢጫ ታደርጋለች፣ ባለ ቀለሙን ታደበዝዛለች።

ካውያ ከማንሳታችን በፊት ልብሱን ወደ ብርሃን ይዘን እንመርምረው። የእድፍ ጥላ ካለ አንተኩስ፤ ሙቀት እድፉን ያጸናዋል። ንጹሕ ከሆነ በውስጥ በኩል ገልብጠን፣ ስስ የጥጥ ጨርቅ ከላይ አድርገን፣ በዝቅተኛ ሙቀት እንተኩሰው።

ከቆየ እድፍና ከጥልፍ ጋር ሲገናኙ

ቀናት ያለፉት ደረቅ እድፍ ሲያጋጥመን ወዲያው ወደ ማሸት አንሂድ። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ነጭ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል በላዩ አሳርፈን እድፉ ሲለሰልስ ከላይ የጠቀስነውን ሥራ እንጀምር። ሁሉም እድፍ ይለቃል ብለን ግን ቃል አንገባም። ዓመት ያስቆጠረ የሻይ እድፍ ከሐሩ ጋር አንድ የሆነበት ጊዜ አለ።

ዶቃ የተሰፋበት፣ በወርቅ ክር የተጠለፈ ወይም በሙጫ የተለጠፈ ጌጥ ያለው የሙሽራ ልብስ፣ «ውኃ አይንካው» የሚል ምልክት ያለበትም ሁሉ፣ አስመጥጠን ብቻ ወደ ላውንደሪ ይወሰድ። ስንሰጥም የፈሰሰው ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደፈሰሰና ምን እንዳደረግንበት ሳንደብቅ እንንገራቸው። ባለሙያው በግምት እንዳይሠራ ይረዳዋል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለን። አቼቶና በረኪና በፍጹም አይቀላቀሉ። ሲቀላቀሉ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ መተንፈሻን የሚጎዳ መርዝ ነው። «አንዱ ካልሠራ ሁለቱን» የሚል ሐሳብ ቢመጣብን እንተወው። ልብስ ይተካል፣ ሳንባ አይተካም።

ሁለት ጥያቄዎች

«ሻይ ወይም ቡና የፈሰሰበት ልብስ ለብሶ መስገድ ይቻላል ወይ?» የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ሻይ፣ ቡና፣ ወተትና የፍራፍሬ ጭማቂ ነጃሳ አይደሉም። እድፉ አልለቀቀም ተብሎ ሶላት አይዘገይም። ወደ መስጂድ ስንሄድ አምሮና ጸድቶ መታየት መልካም ነው፤ ነገር ግን መቆሸሽና መነጀስ አንድ እንዳልሆኑ ለልጆቻችን እናስረዳ።

ሌላው ጥያቄ ከወንድሞች የሚመጣ ነው። «የሐሩ ነገር እኛን አይመለከትም፤ ለወንድ ሐር መልበስ አልተፈቀደምና» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ አትለብሱትም። ነገር ግን ብርጭቆ የሚገለብጠው ሴት ብቻ አይደለም። ነጭ አቼቶው ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ፣ ነጩ ጨርቅ የት እንደተቀመጠ አባትም ልጅም ቢያውቅ በእንግዳ ፊት እናት ብቻዋን አትሯሯጥም። ከሱፍ ኮታችሁ ላይ ቡና ሲፈስም ይኸው ሥራ ያገለግላችኋል።

ለዚህም ሲባል አንድ ትንሽ ዕቃ ማዘጋጀትን እንመክራለን። በአንድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ውስጥ ሦስት ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ትንሽ ጠርሙስ ነጭ አቼቶ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ ማንኪያ እናስቀምጥ። በረኪናው ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ልጅቷ

አሁን ወደ ጀመርንበት እንመለስ። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) በልጅነታቸው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ማገልገል ጀምረው 10 ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን «ኡፍ» እንዳልተባሉ፣ ላደረጉትም ነገር «ለምን አደረግከው?» ተብለው እንዳልተወቀሱ መናገራቸው የታወቀ ነው። 10 ዓመት የሚያገለግል ልጅ አንድም ነገር ሳይደፋ፣ አንድም ነገር ሳይሰብር አይቀርም። ይህን ስናስብ በዚያ ዒድ ቀን የጮኽነው ጩኸት ያሳፍረናል። በቤታችን የሚረዱን ሠራተኞችም እንደ ልጅቷ ብርጭቆ ይገለብጣሉ። እነሱ እንደ ልጅቷ ጓዳ ገብተው የሚያለቅሱበት እናት የላቸውም፤ እናታቸው ሩቅ አገር ናት።

ልጅቷን ይቅርታ የጠየቅናት ቆይተን ነው። ይቅርታው ብቻ ግን ትሪ አላስነሳትም። ያስነሳት እናታችን ናቸው። አንድ ቀን ባዶ ብርጭቆዎች በትሪ ደርድረው «ነይ፣ እኔና አንቺ እንለማመድ» አሏት። ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን አብረዋት ተመላለሱ። በሳምንቱ ውኃ ሞሉበት። ሲፈስ ነጩን ጨርቅ ሰጥተዋት እንዴት ጫን ተደርጎ እንደሚመጠጥ አሳዩዋት። ውኃ ነውና ማንም አልጮኸም።

ባለፈው ረመዷን በኢፍጣር ሰዓት አንዲት እንግዳችን የራሷን ቪምቶ በራሷ ሺፎን ላይ ደፋች። ሴትየዋ በኀፍረት ቀይ ሆነች። ከእኛ ቀድማ የተነሳችው ያቺ ልጅ ናት። ቆርቆሮውን አመጣች፣ «አይዞሽ እትዬ፣ አትፈትጊው» አለቻት፣ ነጩን ጨርቅ በእጇ አስያዘቻት። ሺፎኑ ከመግሪብ ሶላት በኋላ በጓዳችን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ ለተራዊሕ ሲወጡ እንግዳችን ለብሳው ሄደች።

የእናታችን ሻሽ ግን ቀዳዳው እንዳለ ነው። ሊጥሉት አልፈለጉም። አጣጥፈው ከሣጥናቸው ሥር አስቀምጠውታል፤ እኛም ሣጥኑን በከፈትን ቁጥር እናየዋለን።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ በየቤታችሁ ስስ ልብስን ከእድፍ ያዳናችሁበት የራሳችሁ ዘዴ ካለ፣ ወይም እንደ እኛ አበላሽታችሁ የተማራችሁበት ገጠመኝ ካለ ጻፉልን። በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ በሌላ የቤት ጉዳይ እስክንገናኝ ድረስ አላህ ቤታችሁን በሰላም ያቆይልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።